ደመወዝሽን የበላው ሰውየው ነው ወይስ ሃይማኖቱ?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር፣ እንደምን አሉ? የ27 ዓመት ሴት ነኝ። ሰንበት ትምህርት ቤት ነው ያደግኩት። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ክፍል እሠራ ነበር። ባለቤቱ በአጥቢያችን የተከበሩ ሰው ናቸው። ጾም አያጎድሉም። ለቤተ ክርስቲያናችን ጉልላት ዋናውን ገንዘብ የሰጡትም እሳቸው ናቸው። ከሁለት ወር በፊት የሦስት ወር ደመወዜን ከልክለው አባረሩኝ። ለእናቴ ስነግራት «የሰውየው ጥፋት ነው፣ ሃይማኖቱን አትንኪ» አለችኝ። ራሷ እናቴ ግን የሰፈራችን ሙስሊም ነጋዴ በሚዛን ሲያጭበረብራት «ምን ይደረግ፣ ሃይማኖታቸው ነው» ብላ ነበር። ግራ ገባኝ። ሃይማኖት በተከታዮቹ ምግባር ይመዘናል ወይስ አይመዘንም? እውነቱን ለመናገር ቤተ ክርስቲያን መሄድ አስጠልቶኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ከሃይማኖቱ በፊት ደመወዙ ይቅደም። እኔ የሃይማኖት ታሪክ አስተማሪ እንጂ የሕግ ሰው አይደለሁም። ሆኖም በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የደመወዝ ጥያቄ በ6 ወር ይርጋ ይታገዳል። የሚቆጠረው ደመወዙ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ ነው። ከተባረርሽ ሁለት ወር ሆኖሻል፤ የመጀመሪያው ያልተከፈለሽ ወር ደግሞ ከዚያም የቆየ ነው። ስለ ሃይማኖት ስታስቢ ቀኑ እንዳያልፍብሽ። ቶሎ ብለሽ የሠራተኛ ጉዳይ የሚያየው ቢሮ ሂጂ።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። አጭሩ መልሴ «አዎ፣ ይመዘናል» ነው። ግን የትኛው ነገር እንደሚመዘን መለየት አለብን። አንዳንዴ ሃይማኖት የምንለው ተቋሙን ነው፤ አስተዳዳሪውን፣ ሰበካ ጉባኤውን፣ ጳጳሱን። አንዳንዴ ትምህርቱን ነው። አንዳንዴ ደግሞ «እግዚአብሔር አለ፣ እንዲህም አድርጓል» የሚለውን እምነት ነው። የተከታዮች ምግባር ስለ ተቋሙ ብዙ ይናገራል። ስለ ትምህርቱ አልፎ አልፎ ይናገራል። ስለ እምነቱ እውነትነት ግን የሚናገረው በጣም ጥቂት ነው።

ከእናትሽ ልጀምር። ልወቅሳቸው አይደለም፤ እሳቸው የሚያደርጉትን ሁላችንም እናደርገዋለን። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቶማስ ፔቲግሩ በ1979 ይህን ጠባያችንን በደንብ አብራርቶ ጽፎታል (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የእኛ ወገን ሲያጠፋ «ሰውየው ነው» ወይም «ቸግሮት ነው» እንላለን። የሌላው ወገን ሲያጠፋ «ድሮስ እነሱ!» እንላለን። የሌላው ወገን ደግ ሲሠራ ደግሞ «እሱ እንኳ ከእነሱ ይለያል» ብለን እናልፋለን። በዚህ አያያዝ የእኛ ሃይማኖት መቼም አይሸነፍም፣ የእነሱም መቼም አያሸንፍም። ነጋዴው እናትሽን ያጭበረበረበት ሚዛን ከዚህኛው አይብስም።

አንቺም በንዴትሽ ወደዚያው እየሄድሽ ይመስለኛል፤ በተቃራኒው አቅጣጫ። አንድ ሰው በደለሽና ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ አስጠላሽ። እረዳሻለሁ። የሦስት ወር ደመወዝ ቀላል ነገር አይደለም።

ደግሞ «ሃይማኖቱን አትንኪ» የሚለው መከላከያ በሃይማኖቶቹ በራሳቸው ዘንድ ብዙም ቦታ የለውም። ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ «በእናንተ ሰበብ የእግዚአብሔር ስም በአሕዛብ መካከል ይሰደባል» ይላል (2፥24)። የወቀሰው ሰበብ የሆኑትን ነው፤ ሰዳቢዎቹን ምንም አላላቸውም። ቁርኣን በ61ኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ አማኞችን «የማትሠሩትን ለምን ትናገራላችሁ?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። በአይሁድ ዘንድም አማኝ በአደባባይ ሲያጠፋ በደሉ የግሉ ሆኖ አይቀርም፤ የእግዚአብሔርን ስም እንዳረከሰ ይቆጠርበታል።

«ከፍሬያቸው ታውቋቸዋላችሁ» የሚለውን ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል። ግን አንድ ቁጥር ከፍ ብለሽ ብታነቢ (ማቴ. 7፥15) የተነገረው ስለ ሐሰተኞች ነቢያት ነው። ማለትም ስለሚያስተምሩና ስለሚመሩ ሰዎች ነው። እዚያው ወንጌል 23ኛው ምዕራፍ ላይ ደግሞ ስለ ጻፎችና ፈሪሳውያን «ያዘዟችሁን አድርጉ፣ እንደ ሥራቸው ግን አታድርጉ» የሚል አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጪያቸው። አንዱ በፍሬው መዝኑ ይላል፤ ሌላው ፍሬው ቢበላሽም ትምህርቱን አትጣሉ ይላል። ሰባኪዎች ለጊዜው የሚመቻቸውን መዝዘው ሌላውን ሲተዉ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ውጥረት በ4ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን አፍሪካ ላይ ቤተ ክርስቲያንን ለሁለት ከፍሏታል። በ303 ንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ ክርስቲያኖች ቅዱሳት መጻሕፍታቸውን እንዲያስረክቡ አዘዘ። አንዳንድ ጳጳሳትና ካህናት ፈርተው አስረከቡ። ስደቱ ሲያልፍ ጥያቄው መጣ። መጽሐፍ ያስረከበ ጳጳስ የሾመው ካህን፣ ካህን ነው? እሱ ያጠመቀው ሰውስ ተጠምቋል? የካርቴጅ ጳጳስ ሆኖ የተሾመው ቄቂልያኖስ «ከሿሚዎቹ አንዱ መጽሐፍ ያስረከበ ነው» ተባለበት። በኋላ ዶናቲስቶች የተባሉት ወገኖች እንዲህ ባለ እጅ የመጣ ሹመትም ጥምቀትም አይሠራም አሉ። በ314 የአርል ጉባኤ አልተቀበላቸውም፤ ክፍፍሉ ግን ከ100 ዓመት በላይ ዘለቀ። የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ አውግስጢኖስ የሰጣቸው መልስ የጥምቀቱ ባለቤት ክርስቶስ ነው፣ ካህኑ አገልጋይ ብቻ ነው የሚል ነበር። ዛሬ እኛ ዘንድ «ያ ቄስ ካቆረበ እኔ አልቆርብም» የሚል ሰው ሳያውቀው የዶናቲስቶችን ክርክር እየደገመ ነው።

የራሴን አስተያየት ልንገርሽ። አውግስጢኖስ ልክ ነበር እላለሁ። እንደዚያ ካልሆነ የካህኑን ልብ ያላየ ሰው መጠመቁን እንኳ እርግጠኛ ሊሆን አይችልም። ነገር ግን መልሱ ከጊዜ ብዛት ያለ ቦታው ገባ። «የካህኑ ምግባር ምሥጢሩን አያበላሽም» የተባለው ነገር «የካህኑ ምግባር አይጠየቅም» ወደሚል ተንሸራተተ። ከዚያ ደግሞ ወደ ባለሀብቱ ምእመን ወረደ። የመጀመሪያው ሥነ መለኮት ነው። ሁለተኛው ለኃያላን መደበቂያ ነው።

ተገላቢጦሹንም እይው። ንጉሠ ነገሥት ዩልያኖስ በክርስትና ያደገ፣ በኋላ ግን ወደ ጥንቶቹ አማልክት የተመለሰ ሰው ነው። በ362 ለገላትያው የጣዖት ሊቀ ካህናት ለአርሳቅዮስ በጻፈው ደብዳቤ፣ ገሊላውያን (ክርስቲያኖችን ማለቱ ነው) የራሳቸውን ድሆች ብቻ ሳይሆን የእኛንም ይመግባሉ እያለ የራሱን ካህናት ያሳፍራቸዋል። በየከተማው የእንግዳ ማረፊያ እንዲከፍቱም ያዛል። የክርስቲያኖቹን ደግነት ዓይኑ አይቷል፣ በጽሑፍም መስክሯል። ወደ ክርስትና ግን አልተመለሰም። ማረፊያ ቤቱን ቀዳ፣ እምነቱን ተወ። እንደ እኔ አካሄዱ ስህተት አልነበረበትም። የተከታዮች ደግነት «ክርስቶስ ተነሥቷል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሆንም። ክፋታቸውም እንደዚያው።

ተቋምን ስንመዝን ነገሩ ይለወጣል። ለዚህ ከሩዋንዳ የባሰ ምሳሌ አላውቅም።

በ1994 በ100 ቀን ውስጥ 800,000 ያህል ሰው ሲታረድ ከሕዝቡ 90 በመቶ ገደማው ክርስቲያን ነበር። አብዛኛው ካቶሊክ ነው። ገዳዩም ተገዳዩም እሑድ እሑድ አንድ ቅዳሴ ነበር የሚያስቀድሱት። የሚታደኑት የቱትሲ ጎሳ ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ያስጥለናል ብለው ሸሹ፤ ንታራማ፣ ንያማታና ንያሩቡዬ ላይ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አለቁ። ንያንጌ ላይ ሰዎች የተጠለሉበት ቤተ ክርስቲያን በቡልዶዘር ተናደባቸው። የደብሩ ቄስ አታናዝ ሴሮምባ በዚህ ወንጀል የሩዋንዳን እልቂት በዳኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በ2008 በይግባኝ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበታል። ኤሊዛፋን ንታኪሩቲማና የተባለ የአድቬንቲስት ፓስተርም በዚያው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብሏል።

እዚያው አገር፣ እዚያው ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፌሊሲታስ ኒዪቴጌካ ነበረች። ሁቱ ናት፤ ገዳዮቹ አክራሪዎች ከወጡበት ጎሳ ማለት ነው። ጊሴኚ ከተማ ውስጥ ቱትሲዎችን እየደበቀች ድንበር ታሻግር ነበር። ወንድሟ የጦር መኮንን ስለነበረ ልትድን ትችል ነበር። የደበቀቻቸውን ሰዎች ትታ መውጣት እምቢ አለች፣ አብራቸው ተገደለች።

ታዲያ ካቶሊክነትን በማን እንመዝን? በሴሮምባ ወይስ በፌሊሲታስ? በግለሰብ ከሄድን ለሚጠላውም ለሚወደውም በቂ ማስረጃ አለ፤ ክርክሩ አያልቅም። ተቋሙን ስንጠይቅ ግን መልሱ መጥራት ይጀምራል። የኪጋሊው ሊቀ ጳጳስ ቪንሰንት ንሴንጊዩምቫ ለረጅም ዓመታት የገዥው ፓርቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ አባል ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኗ በየመንደሩ ሰው፣ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ነበራት። ከመንግሥት ጋር እንዲህ ተጣብቃ የኖረች ተቋም በክፉ ቀን መንግሥትን የምትገሥጽበት አንደበት ከየት ታመጣለች?

ቫቲካን የሰጠችውንም መልስ ተመልከቺ። ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1996 ያጠፉት አባላት ይጠየቁ አሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ግን በአባላቷ ጥፋት ተጠያቂ ልትሆን አትችልም አሉ። ይህ የእናትሽ መልስ ነው። በማርች 2017 ጳጳስ ፍራንሲስ የሩዋንዳን ፕሬዚዳንት ሲቀበሉ ስለ ቤተ ክርስቲያኒቱና ስለ አባላቷ ኃጢአትና ውድቀት ይቅርታ ጠየቁ። «ስለ ቤተ ክርስቲያኒቱ» የሚለው እስኪጨመር 20 ዓመት አለፈ።

ከእልቂቱ በኋላ በርካታ ሩዋንዳውያን ሰለሙ። የሙስሊሙ ማኅበረሰብ ትንሽ ነበር። ቱትሲዎችን በቤቱና በመስጊዱ በመደበቅ ስሙ በደግ ተነሣ። እነዚህን የሰለሙ ሰዎች «በምግባር መዘናችሁ፣ ተሳሳታችሁ» ልላቸው አልደፍርም። ቄሱ አሳልፎ ከሰጠሽ፣ ሙስሊሙ ጎረቤትሽ ደግሞ አልጋ ሥር ከደበቀሽ፣ የሥነ መለኮት ክርክር ምን ይሠራልሻል? ግን የታሪክ ሰው ነኝና ሌላውንም ልጨምር። ሙስሊሞቹ ከሥልጣን የራቁ ነበሩ፤ ከገዥው ፓርቲ ጋር የተጋባ ተቋም አልነበራቸውም። በቱትሲዎች ላይ ጥላቻ ይነዛ የነበረው የካንጉራ ጋዜጣ አዘጋጅ ሐሰን ንጌዜ ደግሞ ሙስሊም ነው። በይግባኝ 35 ዓመት ተፈርዶበታል።

(ቡድሂዝም የሰላም ሃይማኖት ነው፣ ተከታዮቹ ዝንብ እንኳ አይገድሉም የሚሉ ሰዎች አይጠፉም። አብዛኛው ሕዝቧ ቡድሂስት ከሆነችው ምያንማር በ2017 ከ700,000 በላይ ሮሂንጋ ሙስሊሞች ወደ ባንግላዴሽ ተሰደዋል።)

ሌላም ነገር አለ። ሰው ክፉም ደግም የሚሆንበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ሃይማኖቱ ሳይሆን ያለበት ሁኔታ ነው። ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን በ1973 ያሳተሙት የፕሪንስተን ጥናት ይህን በሚያስቅም በሚያሳዝንም መንገድ አሳይቷል። 40 የነገረ መለኮት ተማሪዎች ወደ ሌላ ሕንፃ ሄደው አጭር ንግግር እንዲያደርጉ ተነገራቸው። የአንዳንዶቹ ርዕስ የደጉ ሳምራዊ ታሪክ ነበር። መንገድ ላይ አንድ ሰው አንገቱን ደፍቶ እያሳለ በር ላይ ወድቆ ያገኛሉ። ጊዜ ከነበራቸው 63 በመቶ ቆመው ረዱት። «ዘግይተሃል፣ ፍጠን» ከተባሉት የረዱት 10 በመቶ ብቻ ናቸው። ስለ ደጉ ሳምራዊ ሊናገሩ መሄዳቸው ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። ስለ ሳምራዊው ሊሰብክ እየሮጠ ወዳቂውን ሰው ተራምዶ ያለፈም ነበር። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ብዙ አልጭንበትም። ግን አሠሪሽ ደመወዝሽን የከለከሉት በሃይማኖታቸው ምክንያት ነው ከማለት በፊት ገንዘባቸውን፣ ሥልጣናቸውን፣ የሚጠይቃቸው ሰው አለመኖሩን ማየት ይሻላል።

እንግዲህ ትምህርቱ ራሱ የሚጠየቅበት ጊዜ የለም ወይ? አለ። ደቡብ አፍሪካን እይ። የነጮቹ የደች ተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን በ1857 ባደረገችው ሲኖዶስ ነጭና ጥቁር አብረው ማምለካቸው መልካምና ከመጽሐፍ ጋር የሚስማማ ነው አለች። ቀጥላ ግን «ስለ አንዳንዶች ድካም» ለየብቻ ማምለክ ይቻላል ብላ ፈቀደች። ለደካሞች የተሰጠው ፈቃድ ወደ ልማድ፣ ልማዱ ወደ ሥነ መለኮት አደገ። በ1974 ባወጣችው ሰነድ የባቢሎን ግንብ ታሪክ ሕዝቦችን ለየብቻ ለማኖር ማስረጃ ሆኖ ተጠቀሰ። እዚህ ላይ ዘረኛው ምእመን ትምህርቱን አልጣሰም። እየታዘዘው ነበር። የመጨረሻውን ልዩነት የማየው እዚህ ነው።

እምቢ ያሉት ምን ሆኑ? ቤየርስ ናውዴ የዚችው ቤተ ክርስቲያን ታዋቂ አገልጋይ ነበር። አፓርታይድን (በሕግ የተደነገገውን የዘር መለያየት) በመቃወሙ በ1963 የአገልጋይነት ቦታውን አጣ፤ በ1977 ደግሞ መንግሥት እንዳይንቀሳቀስና እንዳይናገር አገደው። በ1982 የዓለም ተሐድሶ አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት ኦታዋ ላይ ተሰብስቦ አፓርታይድን በሥነ መለኮት መደገፍ ኑፋቄ ነው ብሎ ወሰነ። በ1990 ደግሞ ነጩ የሥነ መለኮት ፕሮፌሰር ቪሊ ዮንከር ሩስተንበርግ ከተማ ላይ ስለ ራሱም ስለ ቤተ ክርስቲያኑም ይቅርታ ጠየቀ። የዘረኝነቱን ትምህርት ያፈረሱት ያንኑ መጽሐፍ የሚያነቡ ሰዎች ናቸው። ይህም በሚዛኑ ላይ ይግባ።

እኔ እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲገጥመኝ የምጠይቀው ይህን ነው። አጥፊው ሲያጠፋ ከትምህርቱ ይደበቃል ወይስ ይጠቅሰዋል? የሚጠቅስ ከሆነ፣ እንዲያ ብሎ ያስተማረው አንድ ዳር ላይ ያለ ሰው ነው ወይስ ሲኖዶሱ? ተቃዋሚውን ሰምተውታል ወይስ አባረውታል?

ሁለቱን የአንቺን ጉዳዮች በዚህ እንያቸው። የያዕቆብ መልእክት 5፥4 በሀብታሞች የተቀማ የአጫጆች ደመወዝ ይጮኻል፣ ድምፁም ወደ ጌታ ጆሮ ገብቷል ይላል። ዘሌዋውያን 19፥13 የሠራተኛ ዋጋ አንተ ዘንድ እስከ ነገ አይደር ይላል። አሠሪሽ የሠሩትን ለመደገፍ የሚጠቅሱት አንድ ጥቅስ የላቸውም። ሃይማኖቱ በዚህ ነገር ከአንቺ ጋር ነው። ነጋዴውስ? ቁርኣን ውስጥ በስፍርና በሚዛን ለሚያጭበረብሩ ሰዎች «ወዮላቸው» ብሎ የሚጀምር ምዕራፍ አለ፤ 83ኛው፣ ሱረቱል ሙጠፊፊን። ስያሜውም በእነሱ ነው። እናትሽ «ሃይማኖታቸው ነው» ያሉት ሃይማኖቱ ስም ጠርቶ ያወገዘውን ነገር ነው። ይህን ብትነግሪያቸው ደስ ይለኛል፤ ክርክር ሳታደርጊው፣ ቡና ላይ።

የቀረው አጥቢያሽ ነው። እስካሁን አጥቢያው ጉዳዩን ስለማወቁ ምንም አልጻፍሽልኝም። ስለዚህ ገና አትፍረጂበት። ቅጥር ውልሽንና ያልተከፈለሽን የሚያሳየውን ወረቀት ይዘሽ ለደብሩ አስተዳዳሪ ንገሪ። የአሠሪሽን የንስሐ አባት የምታውቂያቸው ከሆነ ለእሳቸውም ንገሪ። ሰበካ ጉባኤውም ይስማ። ሰውየውን ጠርተው ካነጋገሩ ተቋሙ ሥራውን ሠራ ማለት ነው፤ ገንዘቡ ባይመለስ እንኳ። «ልጄ፣ ጉልላቱን ያሠሩልን እሳቸው ናቸው፣ ነገሩን ተዪው» ካሉሽ ግን ከዚያ በኋላ ጥፋቱ የሰውየው ብቻ ነው የሚለውን የእናትሽን መልስ መቀበል አይጠበቅብሽም። አጥቢያውን መዝነሽ ሌላ ደብር ብትሄጂ፣ ወይም አቤቱታሽን ይዘሽ ሀገረ ስብከት ብትገቢ፣ ሃይማኖቱን ነካሽ የሚልሽ ሰው ማቴዎስ 23ን ያላነበበ ነው።